ለማያመሰግኑም ቸር ነው

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባለቤቴ ሁለት ዓመት በካንሰር ከተሠቃየ በኋላ አረፈ፤ አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። እርሱን ሳስታምም እኔም የመገጣጠሚያ ሕመም ጀመረኝ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉልኝም፤ የልጄን የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ መቆለፍ ያቅተኛል። እግዜር ይስጣት፣ የጎረቤቴ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ብቅ ብላ ታለብስልኛለች። እንጀራችን በባለቤቴ ላይ ስለነበር ቤት ለቀን ጠባብ ቤት ገብተናል። ያገኘኝ ሁሉ «ተመስገን በይ» ይለኛል። እላለሁ፤ ግን ከከንፈሬ አያልፍም። አብራኝ የምትጸልይ አንዲት እኅት ማልቀሴ አለማመን እንደሆነ፣ «በሁሉ አመስግኑ» የሚለውም ትእዛዝ እንደሆነ ነገረችኝ። እውነቱን ልንገርዎ፤ ተመስገን የምለው ፈርቼ ነው። ካላመሰገንኩ ልጄንም ይወስድብኛል ብዬ። ሌሊት እየተነሣሁ መተንፈሱን አያለሁ፤ ከዚያ ተመስገን፣ ተመስገን እያልኩ ይነጋል። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በቀደም «አባዬን ወስዶብን ለምንድን ነው የምናመሰግነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። አሁን ደግሞ ዓመቱ ሲደርስ በጉባኤ ፊት ቆሜ እግዚአብሔር ያደረገልኝን እንድመሰክር ተጠይቄአለሁ። ግብዝ ነኝ? ምን ላድርግ?

ስሜ ይቆይልኝ

መልስ፦

ውድ እኅቴ፣ እግዚአብሔር አንቺንም ልጅሽንም ያጽናችሁ።

ደብዳቤሽ ብዙ ጥያቄ አለበት። እኔን ግን አንዱ ያዘኝ፤ «ካላመሰገንኩ ልጄንም ይወስድብኛል» ያልሽው። ስለ እንባሽም፣ ስለ ጉባኤውም፣ ስለ ልጅሽ ጥያቄም እመለስበታለሁ። ይህ ፍርሃት ሳይነካ ግን ሌላውን ሁሉ ብንነጋገር ለአንቺ ተጨማሪ ሸክም ከመሆን አያልፍም። በዚህ ፍርሃት ብቻሽን አይደለሽም። ከታማሚ አልጋ አጠገብም ከቀብር መልስም ተመስገን ከሚሉት መካከል በውስጣቸው ይህን የሚሰጉ ብዙዎች ናቸው። በወረቀት ላይ ለማስፈር ድፍረት የሚያገኙት ግን ጥቂቶች ናቸው።

እስኪ ይህ ፍርሃት እግዚአብሔርን ምን አስመስሎ እንዳሳየሽ ልብ በይ። ግብር ሲዘገይበት ጦር የሚያዘምት ንጉሥ አድርጎብሻል። ባልሽን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ምስጋናሽን ይቆጥራል፤ ከጎደለ ልጁን ይዞ ይሄዳል። ከእንዲህ ያለ ንጉሥ ጋር መኖር ይቻላል፤ መውደድ ግን አይቻልም። ከልብሽ ማመስገን ያቃተሽም ልብሽ ስለደነደነ አይመስለኝም። የሰው ልብ የሚያስፈራራውን ከልቡ ማመስገን አይችልም፤ እንዲችል ሆኖም አልተፈጠረም።

ጌታ ኢየሱስ ስለ አባቱ ሲናገር እንዲህ አለ፦ «እርሱ ለማያመሰግኑ ለክፉዎችም ቸር ነውና።» ሉቃስ ምዕራፍ 6፣ ቁጥር 35 ላይ ታገኚዋለሽ። አውጥተሽ በዓይንሽ አንብቢው። የቸርነቱ መጠን በእኛ ምስጋና ቢወሰን ኖሮ ይህ ቃል አይነገርም ነበር። ለማያመሰግኑት ቸር የሆነ አምላክ፣ ማመስገን እየፈለገች ላቃታት መበለት ምን ይሆናል?

በዚያው ወንጌል፣ ምዕራፍ 17 ላይ፣ ዐሥር ለምጻሞች እናገኛለን። ዐሥሩም ነጹ፤ አንዱ ብቻ ተመልሶ አመሰገነ። ጌታም «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ለማስፈራሪያ ነው። ነገር ግን ለምጹ በዘጠኙ ላይ ተመለሰባቸው የሚል አንድ ቃል የለበትም። ሳያመሰግኑም ነጽተው ቀሩ። መመለሳቸውን ጌታ ፈልጓል፤ ይህን አልክድም፤ ምስጋና ለእርሱ ከንቱ ነገር አይደለም። «ወዴት አሉ?» የሚለው ግን የናፈቀ ሰው ጥያቄ ነው፤ ስጦታውን ሊነጥቅ የመጣ ሰው እንዲህ አይጠይቅም።

አንድ ነገር ግን ልዋሽሽ አልፈልግም። ልጅሽ ክፉ ነገር አይነካውም ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም፤ እንዲህ ዓይነት ቃል ማንም ሰው ለማንም እናት ሊገባ አይችልም። በእርግጠኝነት የምነግርሽ የልጅሽ ሕይወት በተመስገንሽ ብዛት ላይ እንዳልተንጠለጠለ ነው። የባለቤትሽም እንደዚያው። ምስጋና አንሶበት ወይም ጸሎት ጎድሎበት አልሞተም። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን ዐሥራ ስምንት ሰዎች ጌታ ሲያነሣ፣ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠይቆ፣ አይደለም ብሎ ነበር የመለሰው። ዕውር ሆኖ ስለተወለደውም ሰው ማን ኃጢአት ሠራ ሲሉት፣ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። ሞቱንና ሕመሙን በአንቺ ጉድለት ላይ አታሳቢው።

ደግሞ የኢዮብን መጽሐፍ አስታውሺ። ሰይጣን በኢዮብ ላይ ያቀረበው ክስ ምን ነበር? ኢዮብ በከንቱ አያመልክም፣ ብታጥርለትና ብትባርክለት ነው እንጂ የሚል ነበር። የኢዮብ አምልኮ ንግድ ነው፣ ሰጥቶ መቀበል ነው ማለቱ ነው። እንግዲህ ልጅን ለማስጠበቅ የሚከፈል ምስጋና ሰይጣን ያለው ዓይነት ምስጋና ሆነ ማለት ነው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ከዚህ ንግድ ውስጥ እንድትወጪ የሚፈልገው እግዚአብሔር ራሱ እንደሆነ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ከኢዮብ ጋር በተያያዘ ሳይነገርሽ የቀረ ነገርም አለ ብዬ እገምታለሁ። «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ፤ የእግዚአብሔር ስም የተባረከ ይሁን» የሚለውን ሁሉም ይጠቅስልሻል። ኢዮብ ይህን ከመናገሩ በፊት ግን ልብሱን ቀድዶ፣ ራሱን ተላጭቶ በምድር ተደፍቶ ነበር። ከዚያ ደግሞ ምዕራፍ 3 ላይ ይኸው ሰው የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያም በኋላ ብዙ ምዕራፎች ሙሉ ይሟገታል፣ ያማርራል፣ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ካላነጋገርኩ ይላል። ወዳጆቹ እየተነሡ ያርሙታል፤ ለእግዚአብሔር የቆሙ መስሏቸው ነበር። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በወዳጆቹ። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። እነዚያ ወዳጆች በደኅና የሠሩት ሥራ ቢኖር መጀመሪያ ላይ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መቀመጣቸው ነው።

እንባሽን አለማመን ነው ያለችሽ እኅት ክፉ አስባ አይመስለኝም። ሌላው ሰው ሲያለቅስ የእኛው እምነት የሚናወጥብን ጊዜ አለና ቶሎ ብለን ጥቅስ እናነሣለን። ጥቅሱ ትክክል ነው፤ ትእዛዝ መሆኑም ትክክል ነው። ግን ከመልእክቱ ነጥላ ሰጠችሽ። ጳውሎስ «በሁሉ አመስግኑ» ብሎ የጻፈላቸው የተሰሎንቄ ሰዎች ሙታናቸውን እያሰቡ የሚያዝኑ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ ብሎ አጽናንቷቸዋል፤ ከቶ አትዘኑ አላላቸውም። ከምስጋናው ትእዛዝ አራት ቁጥር ከፍ ብሎ ደግሞ «ድፍረት የሌላቸውን አጽኑአቸው፥ ለደካሞች ትጉላቸው፥ ሰውን ሁሉ ታገሡ» ይላል። ይህም ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ለጉባኤው በሙሉ ነው የተጻፈው፤ አንዷ ማመስገን ሲያቅታት ሌሎቹ እንዲያጸኑአት። ጳውሎስ ራሱ ወዳጁ አፍሮዲጡ ለሞት በታመመ ጊዜ የተሰማውን ለፊልጵስዩስ ሰዎች አልደበቀም፤ እግዚአብሔር የማረው «ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ» ነው ብሎ ጻፈላቸው። ሁልጊዜ ደስ ይበላችሁ ያለን ሰው ነው እንግዲህ ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይደረብበት የሚሰጋው።

አሁን ስለ አንድ ታማሚ ላጫውትሽ። ዮሐንስ አፈወርቅ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ404 ከመንበሩ ተነሥቶ አርሜንያ ውስጥ ወደምትገኝ ኩኩሶስ ወደምትባል ሩቅ ከተማ ተጋዘ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከዚያ ወደ ባሰ ስፍራ ሲወስዱት፣ ኮማና ላይ ጉዞው አድክሞት በመስከረም 407 አረፈ። የመጨረሻ ቃሉ «ስለ ሁሉም ነገር ለእግዚአብሔር ክብር ይሁን» የሚል እንደነበር ወዳጁ ጳላዲዮስ ጽፎልናል። ይህ ቃል ዛሬም ድረስ በየስብከቱ ይነሣል። ግን ይኸው ሰው ከግዞት ለኦሎምፒያስ የጻፋቸው 17 ደብዳቤዎች አሉ። ኦሎምፒያስ ባሏ የሞተባት ዲያቆናዊት ነበረች፤ በእርሱ መጋዝና በሕመሟ ከባድ ኀዘን ውስጥ ገብታ ነበር። በአንዱ ደብዳቤ ክረምቱ እንዴት እንዳሠቃየው ይተርክላታል። ጭሱን እየታገሠ እሳት እያነደደ፣ ብዙ ልብስ ደራርቦ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ እንደከረመ፤ ራስ ምታቱን፣ ትውከቱን፣ ምግብ አልወርድ ማለቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን አንድ በአንድ ይነግራታል። በሌላው ደግሞ ለጤናዋ እንድትጨነቅ፣ ሐኪምና መድኃኒት ቸል እንዳትል አጥብቆ ይለምናታል። የእምነት ሰው ነኝና አልታመምኩም አላላትም። ስለ ሁሉም ነገር ክብር ይሁን ያለውና ሆዴ ምግብ አልቀበል አለኝ ብሎ የጻፈው አንድ አፍ ነው። ምስጋናው የታመነ የሚሆነው ለእኔ በዚህ ነው፤ ሕመሙን ያልደበቀ ሰው ምስጋና ነውና።

ስለዚህ ግብዝ ነሽ ወይ ላልሽው፣ አይደለሽም። ግብዝ ሰው እንዲመሰገን ሌላ መስሎ ይታያል፤ አንቺ ግን የሚያሳፍርሽን ሳይቀር ለማታውቂው ሰው ጽፈሻል። ይልቅ ይህን እውነት ለእኔ እንደጻፍሽው ለእግዚአብሔር ንገሪው። መዝሙር 88ን (በሌላው የመዝሙራት አቆጣጠር 87 ነው) አንብቢ። ሲጀምር እግዚአብሔርን የመድኃኒቴ አምላክ ብሎ ይጠራዋል፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ጩኸትና ወቀሳ ነው፤ ሲያልቅም ምስጋና የለበትም፣ መጽናኛም የለበትም። እንደዚያው ሆኖ ከቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ገብቷል፤ ማንም መጨረሻውን አላሳመረለትም። አንዳንድ ቀን ጸሎትሽ እንደዚያ ቢያልቅ ጸሎት መሆኑ አይቀርም።

የሌሊቱን ነገር ደግሞ እንዲህ አየዋለሁ። ልጅሽ አልጋ አጠገብ ቆመሽ የምትይው ተመስገን ልመና ነው። «ጠብቅልኝ፣ አትውሰድብኝ» ማለትሽ ነው። ባልሽን ለምነሽለት ስላልዳነ ዳግም መለመን አስፈርቶሽ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ በጣም ይገባኛል። ቢሆንም ልመናውን ልመና አድርጊው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ አዘነች ብሎ፣ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ ብሎ ለምኗል። በዚያችው ሌሊት፣ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እንጀራውን አንሥቶ አመስግኖ ነበር። ስለዚህ ስትነቂ «ፈርቻለሁ፤ ልጄን ጠብቅልኝ» በይና ወደ መኝታሽ ተመለሺ። አንድ ጊዜ በቂ ነው። ደጋግመሽ ካላልሽው ክፉ የሚመጣ ሲመስልሽ፣ ያ የፍርሃትሽ ድምፅ እንጂ የእግዚአብሔር እንዳልሆነ ዕወቂ።

እንዲህ እያልሽም እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ወይም ፍርሃቱ ሌሊት ሌሊት እየባሰ ከሄደ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምሽን ለሚያክምሽ ሐኪም በሚቀጥለው ቀጠሮ ይህንኑ ንገሪው። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙንም ያብሳል፤ ከኀዘን በኋላ የሚመጣ ጽኑ ፍርሃትም መታከም የሚችል ነገር ነው። ኤልያስ በምድረ በዳ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ መጀመሪያ ያደረገለት ምግብና ውኃ ማቅረብ ነበር፤ በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ፤ ዳግመኛ ቀሰቀሰውና አበላው። ተግሣጽ አልጀመረም። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ለምታምኚው ሰው ንገሪ፣ ወደ ሕክምናም ሂጂ። መድኃኒትሽንም «አምናለሁ» ብለሽ እንዳታቋርጪ። ጳውሎስ በእጁ ብዙ ፈውስ የተደረገ ሰው ሆኖ ሳለ ባልንጀራውን ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል፤ እምነት የለውም ብሎ ግን አልጻፈበትም።

ለልጅሽ የምትመልሽለትን ደግሞ እንዲህ አስቤዋለሁ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አትቆጪው፣ አታልፊውም። «አባዬ ስለሞተ አናመሰግንም፤ ሞት ጠላት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስም ጠላት ይለዋል» በይው፤ አንደኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ መጨረሻ የሚሻረው ጠላት ሞት ነው ይላልና። ቀጥለሽ የአልዓዛርን ታሪክ አንብቢለት። ማርታም ማርያምም ጌታን ሲያገኙት ያሉት አንድ ዓይነት ነው፤ አንተ በዚህ ኖረህ ቢሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር። ወቀሳ ነው። ኢየሱስ አንዳቸውንም አልገሠጸም። ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ፤ ከዚያም በመቃብሩ በር ላይ ቆሞ አባቱን አመሰገነ። ልጅሽ ይህን ያህል ይበቃዋል። የሚያመሰግነው አባቱን ስለሰጠው ነው፤ ትከሻው ላይ ስላዞረው፣ ስላስጠናው፣ ስለሳቀለት፣ እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ስለምታውቁት ነገር። እርሱ አንዱን ይንገርሽ፣ አንቺም አንዱን ንገሪው። ያለቅስ ይሆናል፤ አብረሽው አልቅሺ። እንዲህ ያለው ምስጋና እንባ ሳይቀላቀለው አይመጣም።

የምስጋና ደብተር ያዢ፣ በየቀኑ ይህን ያህል ነገር ጻፊ የሚሉሽ ይኖራሉ። ለአንዳንዱ ሰው ይጠቅመዋል፤ ለአንቺ ግን አሁን አልመክርሽም። ፍርሃትሽ ያንንም ቆጠራ ያደርገዋል። ባይሆን አንድ ነገር ልጠቁምሽ። በደብዳቤሽ መካከል ስለ ጣቶችሽ ስትጽፊ «እግዜር ይስጣት» ብለሽ ያለፍሻት ልጅ አለች፤ የልጅሽን ሸሚዝ የምትቆልፈው። ማንም አላዘዘሽም፣ ፈርተሽም አልጻፍሽውም። እንዲያው ከልብሽ ወጣ። ማመስገን አልቻልኩም ባልሽበት ደብዳቤ ውስጥ አመስግነሻል። ስለዚህ ለልጅቷ በቃልሽ ንገሪያት፤ በእርሷ በኩል ለአንቺ የደረሰውንም ለእግዚአብሔር ንገሪው። ከዚህ በላይ ያልሆነበት ሳምንት ቢኖር፣ ምስጋናሽ ጎደለ ብለሽ አትሳቀቂ።

የቀረው የጉባኤው ጉዳይ ነው። ለመመስከር ግዴታ የለብሽም። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ያላየውን እንዲናገር የሚጠየቅ ምስክር የለም። መናገር ከፈለግሽ ሁለት ሦስት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነበር፣ ይናፍቀኛል፣ ሕመሙ አልተወኝም፣ እነ እገሌ አልተለዩኝም፣ ጸልዩልኝ። ይህን ካልሽ በኋላ አቁሚ። መጨረሻውን በድል ካልዘጋሽው ብለው የሚጠብቁሽ ካሉ ይጠብቁ። በዚያ ጉባኤ ውስጥ እንዳንቺ ከንፈሩ ብቻ የሚያመሰግን ሌላ ሰው መኖሩ አይቀርም፤ ያ ሰው ከዚህ አጭር ንግግርሽ የሚያገኘው አለ።

መናገር ካልፈለግሽ ደግሞ ዘንድሮ አልችልም በያቸውና ተቀመጪ። አስተባባሪዎቹ ከጎተጎቱሽ ይህን መልስ አሳዪአቸው፤ ተዪ ያልኩሽ እኔ መሆኔን ይወቁ። ለዚያች እኅትም አንድ ሥራ ስጫት። ስለ እምነትሽ ከመጨነቅ ይልቅ፣ ጣቶችሽ በሚያስቸግሩሽ ጠዋት እየመጣች ከጎረቤትሽ ልጅ ጋር ተራ ትግባ። እንቢ የምትል አይመስለኝም፤ ምን ማድረግ እንዳለባት ስላላወቀች ይሆናል ጥቅስ ብቻ ይዛ የመጣችው።